የሰው አገር ጸደይ ሁሉ መስከረም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጥበብ ዓምዳችሁ የውጭ አገር ግጥሞችን በአማርኛ ታወጣላችሁ። ይህን የሚያደርግ ጋዜጣ ብዙ አይደለምና ምስጋናዬ ከልብ ነው። የምጽፍላችሁ በእነዚህ ትርጉሞች ላይ ደጋግሞ ስለሚታይ አንድ ስሕተት ነው። ግጥሙ ከእንግሊዝ ይምጣ፣ ከጃፓን፣ ከፋርስ ወይም ከሩሲያ፣ «ጸደይ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አደይ አበባ ይለብሳል። ዝናቡ ያባራል፤ ሜዳው ቢጫ ይሆናል፤ መስከረም ይጠባል። በዋናው ግጥም ውስጥ ግን ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፤ ወይም በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ወይም ከተማው በጦርነት ፈርሶ ሣር በቅሎበታል።

የችግሩ ሥር ቃሉ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ በሆነው ባሕረ ሐሳብ ዓመቱ ለአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። በዚህ ሥርዓት አደይ የሚፈካበት ጊዜ ከክረምቱ ማለቂያ እስከ መፀው ነው፤ ዘመነ ጽጌም የሚገባው መፀው በሚብትበት ዕለት፣ መስከረም 26 ቀን ነው። ጸደይ ማለት በልግ ነው። ዛሬ ግን «ጸደይ» ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው አደይና እንቁጣጣሽ ነው። ቃሉ ከጥንት ቦታው ተነሥቶ ግማሽ ዓመት ያህል ተጉዟል። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ «ጸደይ» ብሎ ሲጽፍ ባሕረ ሐሳብ የተማረው አንባቢ ሚያዝያን ያያል፣ ሌላው መስከረምን ያያል፤ ሁለቱም አንድ ግጥም ያነበቡ ይመስላቸዋል።

የሌሎቹ ወቅቶች ስምም ከዚህ አይሻልም። ፈረንጆች ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት አንዱ ተርጓሚ መፀው፣ ሌላው በልግ፣ ሦስተኛው መኸር ይለዋል። የአውሮፓ ሞቃት ወራት «በጋ» ተብለው ይተረጎማሉ፤ በወር ከሄድን ግን የእኛ ክረምት ናቸው። የብርዱ ወቅት ደግሞ «ክረምት» ይባልና በረዶ የሸፈነው ሜዳ በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ዶፍ ይወርድበታል።

ደግነቱ የጥንቱ ጸደይ ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ጸደይ ጋር በጣም ይቀራረባል። በዚያ ወቅቱ የሚጀምረው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ መጋቢት 11 ወይም 12 ገደማ ሲሆን፣ የሚያልቀው ሰኔ 14 ገደማ ነው። የእኛ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን መጣል አያስፈልግም። «ጸደይ» የሚለው ተርጓሚ በቃሉ ልክ ነው፤ የሚሳሳተው አደይን ሲጨምርበት፣ ወሩንም ሳያሳይ ሲቀር ነው።

ወሩን ለማሳየት ሒሳቡ ቀላል ነው። በአሁኑ የፈረንጆች አቆጣጠር ከ1900 እስከ 2099 ባሉት ዓመታት ማርች 10 ሁልጊዜ መጋቢት 1 ነው፤ ኤፕሪል 9 ሚያዝያ 1፣ ሜይ 9 ግንቦት 1፣ ጁን 8 ሰኔ 1 ነው። የመስከረሙን አንድ ቀን የሚያዛንፈው የጳጉሜን 6 ጉዳይ እነዚህን ወራት አይነካም፤ እነሱም በፌብሩዋሪ 29 ያስተካክሉታልና። ስለዚህ ኤፕሪል ማለት ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ነው። አሮጌ ግጥም ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንግሊዝ እስከ 1752፣ ሩሲያ ደግሞ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. የሚቆጥሩት ከአሁኑ በፊት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። ያ አቆጣጠር ከእኛው ጋር እኩል ስለሚሄድ የቀኑ ልዩነት በየትኛውም ክፍለ ዘመን አንድ ነው፦ ኤፕሪል 1 ሚያዝያ 6 ላይ ይውላል፣ ኤፕሪል 30 ደግሞ ግንቦት 5 ላይ። የድሮ እንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ ያለው ኤፕሪል ከጥቂት ቀናት በቀር የእኛ ሚያዝያ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ የት ይጠቅማል? የእንግሊዙ ገጣሚ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች መክፈቻ ላይ ይጠቅማል። በዚያ መክፈቻ የኤፕሪል ዝናብ የማርችን ድርቀት እስከ ሥሩ ድረስ ይወጋዋል፤ እያንዳንዱ ሥር ርሶ አበባው የሚወለደው ከዚያ እርጥበት ነው። ሰዎችም ከዚህ በኋላ ለመሳለም መንገድ ይነሣሉ። በእኛ ወር ብናስቀምጠው መጋቢት ደረቅ፣ ሚያዝያ ዝናብ ይሆናል። ይህን የወሎና የሰሜን ሸዋ የበልግ ገበሬ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ የበልግ ገብሱን የሚያቆምለት ይኸው ዝናብ ነውና። ለጎጃም አንባቢ ሚያዝያ ፀሐይ የሚበረታበት ወር ስለሆነ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልግ ይሆናል፤ «የበልጉ ዝናብ» ማለት ይበቃል። የተለመደው ትርጉም ግን «ዝናቡ አባርቶ አበባው ፈካ» ይላል። እዚህ ላይ ምክንያትና ውጤት ተገላበጡ። ቾሰር ዝናቡ መጣና አበባው ወጣ ነው የሚለው፤ መስከረም ላይ የሚሆነው ዝናቡ ሄደና አበባው ወጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጥፋት አለ። የእንግሊዝኛ ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት በ1922 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ያሳተመው ረጅም ግጥም ኤፕሪልን ከወራት ሁሉ ጨካኙ ብሎ ይጀምራል፤ ከሞተ መሬት ሊላክ ያበቅላል፣ የደነዘዘውን ሥር በዝናብ ይቀሰቅሳል። ይህ መክፈቻ ከቾሰር ደስተኛ ኤፕሪል ጋር ሙግት ነው። አንዱን ግጥም «ሚያዝያ»፣ ሌላውን «ኤፕሪል» ብላችሁ ካወጣችሁ አንባቢው ሁለቱ ስለ አንድ ወር እንደሚነጋገሩ አያውቅም። የመረጣችሁትን በሁለቱም ላይ አጽኑ። እኔ ብሆን «ሚያዝያ» እላለሁ፤ የፋሲካ ወር መሆኑ ከሞተ መሬት የሚነሣውን ነገር ለእኛ አንባቢ ቅርብ ያደርገዋል። ሊላክ ግን ሊላክ ይባል። ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ የአማርኛ ስም የለውም፣ አደይም ግራዋም ሊተኩት አይችሉም።

አሁን ወደ ቻይና ልሂድ፤ እዚያ ያለው ጉዳት የከፋ ነው። ዱ ፉ «የጸደይ እይታ» የሚባለውን ግጥም የጻፈው በ757 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተነሣው የአን ሉሻን ዐመፅ ዋና ከተማው ቻንግአን በዐማፅያን እጅ ወድቆ፣ ገጣሚውም እዚያው ታግቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች አገር ፈረሰ፣ ተራራና ወንዙ ግን አለ፤ በከተማው ጸደይ ነው፣ ሣሩና ዛፉ ጥልቅ ነው ይላሉ። «ከተማዋ በጸደይ አሸበረቀች» ብሎ የተረጎመ ግጥሙን ገድሎታል። ሣሩ የበረታው የሚረግጠው ሰው ስለጠፋ ነው፤ የቻይና ሊቃውንትም ከጥንት ጀምሮ ያነበቡት እንዲህ ነው። እንደ ደረቅ ትርጉም «ጸደይ ገብቷል፤ ከተማውን ሣር ውጦታል» ቢባል ይሻላል፤ ባዶ መንገዱ በአማርኛም ይታያል። በዚህ ግጥም ውስጥ ጸደይ መጽናኛ አይደለም። ሰው ሲያልቅ ወቅቱ ግድ ሳይሰጠው ቀኑን ጠብቆ መጣ፤ የሚያሳምመው ይህ ነው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሌላ እንቅፋት አለ። አበባና እንባ ይነሣሉ፤ ግን ማን እንደሚያለቅስ ቻይንኛው አይናገርም። ገጣሚው አበባውን እያየ ያነባል ወይስ አበባው ራሱ ያነባል? ሁለቱም ንባብ አለ። አማርኛ ግሡ ላይ ባለቤቱን ካላሳየ አይንቀሳቀስምና ተርጓሚው መምረጥ ግዴታው ነው። «አበባው እንኳ ያነባል» ካለ ዝናብ ወይም ጤዛ ይታያል፤ «አበባ አይቼ አነባሁ» ካለ ገጣሚው ፊት ለፊት ይመጣል። የትኛውም ይሁን፣ ቀጥሎ ከሚመጣው ወፍ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ሁለቱ ስንኞች ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። አበባው ራሱ ካለቀሰ ወፉም ራሱ ይደንግጥ፤ ሰውየው ካለቀሰ በወፉ ድምፅ ልቡ የሚደነግጠውም እሱ ይሁን። ግጥሙ ስምንት ስንኝ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ አምስት የቻይንኛ ፊደል አለው፣ ከሁለተኛው በኋላም ትንፋሽ ይወሰዳል። በአማርኛ ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የወል ቤት ይህን በደንብ ይሸከመዋል፤ የመሐሉ ዕረፍት ስላለ። ቤት መምታቱ ግን በየስንኙ ሳይሆን በየሁለተኛው ስንኝ ቢሆን ለዋናው የታመነ ይሆናል።

ጃፓን ላይ ትንሽ ልቆይ። ሃይኩ በሚባለው የጃፓን አጭር ግጥም ወቅቱን የሚናገር አንድ ቃል መግባት አለበት፤ ያ ቃል «ጸደይ» ሳይሆን ጸደይን የሚያመጣ ፍጥረት ወይም ነገር ሊሆን ይችላል። ገጣሚው ባሾ በ1686 የጻፈው ታዋቂው ሃይኩ አሮጌ ኩሬ፣ የምትዘልል እንቁራሪትና የውሃ ድምፅ ብቻ አሉበት። ወቅቱ የቱ ነው? ለእኛ እንቁራሪት ማለት ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ኩሬው ሁሉ ይንጫጫል። በጃፓን ሥርዓት ግን እንቁራሪት የጸደይ ምልክት ናት። አንባቢው ይህን ካላወቀ የጭቃና የዝናብ ሥዕል ይዞ ይቀራል፤ በኩሬው ላይ ያለው የረጋ የጸደይ ጸጥታ ያመልጠዋል። በ905 ገደማ የተሰበሰበው የጃፓን ቤተ መንግሥት የግጥም መድበል መግቢያው ላይ በአበባ መሐል የምትዘምረውን ወፍና በውሃ የምትኖረውን እንቁራሪት አንሥቶ፣ ከሕያው ፍጥረት የማይዘምር ማን አለ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ እንቁራሪት በግጥም ውስጥ የምትገባው በድምፅዋ ነበር። ባሾ አላስጮኻትም፤ የተሰማው የውሃው ድምፅ ነው። ስለዚህ «እንቁራሪቶች ሲንጫጩ» የሚል ትርጉም ባሾ አውቆ የተወውን ነገር መልሶ ያመጣል።

ቁጥሩም ሰው ያሳስታል። ሃይኩ 5፣ 7፣ 5 ሆኖ በድምር 17 ነው ሲባል ብዙዎች ፊደል ይቆጥራሉ። አማርኛ ላይ የሚቆጠረው ቀለም ነው፤ ድምፅ አልባው ሳድስ ከፊቱ ባለው ላይ ይደገፋል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። ለምሳሌ እንዲህ ብንል፦

አሮጌ ኩሬ፤
እንቁራሪት ዘለለች፤
የውሃ ድምፁ።

በፊደል ከቆጠርን 5፣ 10፣ 6 ይመጣል፤ በጆሮ ግን 5፣ 7፣ 5 ነው። «እንቁራሪት» ስድስት ፊደል ሆና አራት ቀለም ብቻ ናት፦ እን፣ ቁ፣ ራ፣ ሪት። «ዘልላ ገባች» ብንል ትርጉሙ ይጠራል፤ መካከለኛው ስንኝ ግን ስምንት ይሆናል። እኔ «ገባች»ን እተዋለሁ፤ ውሃው በሚቀጥለው ስንኝ ራሱ ይናገራልና። ጃፓንኛው አንድ ትሁን ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። አማርኛ ይለያል። ነጠላና አንስታይ ማድረጉ ለእኛ የሚቀና ይመስለኛል፤ ብዙ ካደረግናት ያ አንድ ድምፅ ይበተናል።

በዚያው በጃፓን ግጥም «አበባ» ብቻ ከተባለ የቼሪ ዛፍ አበባ ማለት ነው፤ እንደ አደይ ከመሬት የሚወጣ አይደለም፣ ቢጫም አይደለም። ዋናው ነገር መፍካቱ ሳይሆን መርገፉ ነው። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ንፋስ ሲመጣ ይዘንባል። ናሪሂራ የሚባል የ9ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ በዓለም ላይ ቼሪ ባይኖር ኖሮ የጸደይ ልባችን ባረፈ ነበር ይላል። በአደይ ቢተካ ትርጉም ያጣል፤ በአደይ ምክንያት ልቡ ያላረፈ ሰው የለም፣ አደይ ተስፋ ነው እንጂ ስጋት አይደለም። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ አንባቢዎቻችሁ ይህን አይተው ያውቁታል። በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት ወደ 3,000 የሚሆኑ ዛፎች ዘር በመጋቢት አጋማሽና መጨረሻ በኩሬው ዙሪያ ይፈካል፤ እንቁጣጣሽን ሲያከብሩ ደግሞ እዚያ ቅጠሉ ሊረግፍ ተቃርቧል።

ፋርስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ «ጎል» ብቻ ሲባል ጽጌረዳ ነው። ገጣሚው ሳዲ በ1258 በጻፈው ጎለስታን በተባለው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ወዳጁ በልብሱ ዘርፍ አበባ ሰብስቦ ወደ ከተማ ሊሄድ ሲል፣ ይህ አምስት ስድስት ቀን ነው የሚቆይ፣ እኔ የማይረግፍ የአበባ ቦታ እጽፍልሃለሁ ይለዋል። ጊዜው የሚያዝያ አጋማሽ ነው። ወሩ ከተጻፈ ምንም ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ፑሽኪንን ከእኛ ወገን ስለምንቆጥረው በተለይ ልናጠራው ይገባል። በ1833 ስለ ቅጠል መርገፊያው ወቅት በጻፈው ግጥም ጸደይን አልወድም ይላል፤ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሽታው፣ ጭቃው ያሳምመኛል ይላል። በዚያ አገር ጸደይ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው አበባ ሳይሆን ለወራት በበረዶ ሥር የተቀበረው ቆሻሻ ነው። «ጸደይ አይመቸኝም» ብሎ ጭቃውን መተው ግጥሙን ያለ ምክንያት ያኮረፈ ሰው ንግግር ያደርገዋል።

ወራችን ራሱ ገጣጥሞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ ይህን ሳልል ባልፍ አድሎ ይሆናል። የቺሊው ገጣሚ ኔሩዳ በ1924 ባሳተመው የፍቅር ግጥም ጸደይ በቼሪ ዛፎች ላይ የሚያደርገውን በአንቺ ላይ ላድርግ ይላል። ቺሊ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ጸደይዋ የሚገባው በመስከረም ነው። እዚህ ላይ አንባቢው መስከረምን ቢያይ ልክ ነው፤ ቼሪው ብቻ ቼሪ ይሁን። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ደግሞ የተለየ ነው። ክረምት አለፈ፣ ዝናቡ አልፎ ሄደ፣ አበባ በምድር ላይ ታየ ሲል አማርኛው ምንም አልተጎዳም፤ በኢየሩሳሌም ዝናቡና ብርዱ አንድ ወቅት ናቸውና «ክረምት» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛል። ዝናቡ የሚያበቃው ግን እዚያ በሚያዝያ ገደማ ነው፤ አይሁድም ይህን መጽሐፍ የሚያነቡት በፋሲካቸው ሰሞን ነው። እስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን በሚያዝያ ይሰሙታል፣ እኛ በመስከረም እናየዋለን፤ ሁለቱም በዝናቡ መሄድ ይስማማሉ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ትርጉም ግጥም ሥር ቦታውን፣ ዓመቱንና በእኛ አቆጣጠር የሚወድቅበትን ወር በአንዲት መስመር አትሙ፤ «ቻንግአን፣ ቻይና፤ 757 እ.ኤ.አ.፤ ዐመፁ ሳይበርድ፣ በጸደይ» ወይም «ቺሊ፤ 1924 እ.ኤ.አ.፤ ጸደይ በዚያ አገር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ»። የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልግም፤ ቦታም አይፈጅም። ተርጓሚዎቻችሁንም ዋናው ግጥም ላይ አደይ እንደሌለ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ እንደሆነ፣ አበባው ከዛፍ ነው ወይስ ከመሬት እንደሆነ ሳያጣሩ እንዳያስረክቡ ንገሩልኝ። የዱ ፉን ግጥም ከዚህ በፊት በአበባ አስጊጣችሁ አውጥታችሁት ከሆነ፣ ሣሩ የበቀለበትን ምክንያት ጨምራችሁ እንደገና ብታወጡት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ግጥም በመተርጎም የሚውል አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ